«ደላላ አይደውልም»፤ የቤተሰብ ቤት ከባለቤቱ በቀጥታ ስንከራይ

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም መግቢያዎች፣ የሱቅ መስኮቶችና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ የሚለጠፈው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በአንድ ሐረግ ነው፤ «ደላላ አይደውልም»። ቤት ፈላጊው ይህን ሲያነብ የተወሰነ ገንዘብ የተረፈው ይመስለዋል። ይደውላል። ስልኩን የሚያነሣው ግን አንዳንድ ጊዜ ራሱ ደላላው ነው።

ይህን ዓምድ ከሚያነቡት መካከል ደላሎች እንደሚገኙበት እናውቃለን። የዛሬው ጽሑፍ እነርሱን ለማማት የተጻፈ አይደለም። ሠፈሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አከራዩንም ተከራዩንም ከዚህ ቀደም አገናኝቶ ያላሳፈረ ደላላ ለሚያገኘው ክፍያ ሥራ ይሠራል። ባለቤቱን ይለያል፣ የውኃውን ነገር ያውቃል፣ ሰዓቱን ያገናኛል። ከባለቤቱ በቀጥታ እከራያለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ይህንን ሥራ ሁሉ ወደ ራሱ ትከሻ ማዛወሩን ማወቅ አለበት። ሥራውን ሳይሠራ ክፍያውን ብቻ የሚያስቀር ሰው ትርፉ ሳይሆን ኪሳራው የሚበዛበት ነው።

የሚገርመው በዚህ ረገድ የሚሳሳቱት ነጋዴዎቻችን መሆናቸው ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ጭነት ዕቃ ሲረከብ ሰነዱን ገልብጦ የሚያይ፣ ያለ ደረሰኝ አንዲት ካርቶን የማይቀበል ሰው፣ ቤት ሲከራይ ግን ከሰዓት በፊት ላላየው ሰው የስድስት ወር ኪራይ ቆጥሮ ይሰጣል። ማስረጃው ምንድን ነው ቢባል፣ «በሩን በቁልፍ ሲከፍት አይቻለሁ» ይላል። ቁልፍ በተከራይም እጅ ይገኛል፣ በጥበቃም እጅ ይገኛል፣ ባለፈው ወር በወጣ ተከራይም ኪስ ይገኛል።

ባለቤቱ ማን ነው?

ለባለቤቱ በስልክ የሚቀርብ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከሰላምታ በኋላ ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት፣ «ይቅርታ፣ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?» ይበሉ። «አዎ» ሲባሉ፣ «የጋራ መዋጮው በወር ስንት ነው? የመብራት ቆጣሪው በማን ስም ነው? ያለፈው ተከራይ መቼ ወጡ?» ብለው ያስከትሉ። ባለቤት ከሆነ ሳያስብ ይመልሳል፤ እንዲያውም ስለ ያለፈው ተከራይ ያልተጠየቀውን ሁሉ ያወራል። ባለቤት ያልሆነው፣ «ቆይ መልሼ ልደውልልህ» ይላል።

ስልኩ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የግል ይዞታ የሆነ ቤት ከሆነ የባለቤትነት ማረጋገጫውን፣ በተለምዶ ካርታ የምንለውን፣ ከነዋናው ማየት ይገባል። በካርታው ላይ ያለው ስምና ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው መታወቂያ አንድ መሆን አለበት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል። በዕጣ የተላለፈ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ አለበት። ገበያው ግን ገደቡን አይጠብቅም። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፤ ገዢውም በዚሁ ውክልና ቤቱን ያከራያል። በወረቀቱ ላይ ባለቤቱ ሌላ፣ በተግባር ኪራይ የሚቀበለው ሌላ ነው ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ቤት ተከራይ የሁለት ሰዎች ጠብ በተነሣ ቀን መሐል ላይ ይገኛል። ወካዩ ቢሞት ውክልናው የሚያበቃ መሆኑንም ማሰብ ነው።

ውክልና ሲነሣ የውጭ አገሩን ነገር መተው አይቻልም። ዛሬ በአዲስ አበባ ለቤተሰብ የሚበቃ ሰፊ አፓርታማ ስንፈልግ ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር መሆኑን፣ ቁልፉ ደግሞ በእህት ወይም በአጎት እጅ መሆኑን መስማት የተለመደ ሆኗል። እህት መሆን ለማከራየት ሥልጣን አይሰጥም። ባለቤቷ በኤምባሲው በኩል ውክልና ሰጥታ፣ ወረቀቱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ሊሆን ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጠቅላላ ውክልና ሊከናወኑ የሚችሉትን የአስተዳደር ሥራዎች ሲዘረዝር ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይን ይጨምራል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ውል ጠቅላላ ውክልና ይበቃል፤ የአምስት ዓመት ውል ለመፈረም ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። በየቦታው «ልዩ ውክልና ካልመጣ አንፈርምም» እያሉ ቤት የሚያመልጣቸውም፣ የአምስት ዓመት ውል በጠቅላላ ውክልና ፈርመው የሚዝናኑም፣ ሁለቱም አላነበቡትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው የትዳር ጓደኛን ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ በተለይም ፍቺ ሲመጣ፣ ተከራዩ የማያውቀው ክርክር ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው። ከባለቤቱ ጋር ተስማምተው ሲጨርሱ፣ «ባለቤትዎም ቢፈርሙልን ደስ ይለናል» ማለት ነውር የለበትም። ቅር የሚሰኝ አከራይ ካጋጠመዎት ቅሬታው ራሱ መልስ ነው።

የቀበሌ ቤት ወይም ሌላ የመንግሥት ቤት ተከራይቶ የሚያከራይ ሰውንም ተጠንቀቁ። ኪራዩ ረከስ ስለሚል ያጓጓል። አስተዳደሩ የደረሰበት ቀን ግን የሚወጣው አከራይ ተብዬው ብቻ አይደለም።

ከ1967 እስከ 2016

አንዳንድ ወጣት አንባቢ የቤት ኪራይ ሁልጊዜ እንዲህ በገበያ ሲመራ የኖረ ሊመስለው ይችላል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም ነበር። በግል ማከራየትም ሕገ ወጥ ሆነ። ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የዛሬው አከራይና ተከራይ ጽሑፍ ሳይዙ በቃል መስማማትን የሚመርጡት፣ በከፊልም ቢሆን፣ ማከራየት በድብቅ ይሠራበት ከነበረው ከዚያ ዘመን የተወረሰ ልማድ ይመስለኛል።

አሁን ገዥ የሆነው ሕግ የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ደላላ፣ አከራይና ተከራይ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባው ዋና ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥም ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፤ በአዲስ አበባ ይህ በየወረዳው የሚፈጸም ሥራ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። በውሉ ዘመን አከራዩ እንደፈቀደው ዋጋ አይጨምርም፤ የጭማሪውን መጠን በየዓመቱ የሚያስታውቀው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ቤቱ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ ተከራዩን ለማስወጣት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ወንደላጤ ቤት ሲለቅ ፍራሹንና ልብሱን ይዞ ይወጣል። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ቤት ሲለቅ ግን ትምህርት ቤት ይለቃል፣ ዕድር ይርቃል፣ አንዳንዴም ሚስቲቱ የሥራ ቦታዋን እስከ መቀየር ትደርሳለች። የሁለት ዓመቱ ገደብ ዋጋው በብር ባይጻፍም ከኪራዩ ቅናሽ ይበልጣል። በሌላ በኩል አከራዩ በውሉ መሐል እንደልቡ መጨመር እንደማይችል ስላወቀ የመነሻውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ይጠራል። ስለዚህ የተከራዩ የመደራደሪያ ቀን አንድ ቀን ብቻ ሆኗል፤ ውሉ የሚፈረምበት።

የቅድሚያ ክፍያው ሒሳብ

ሕጉ ሁለት ወር ይበል እንጂ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ አሁንም አይጠፋም። ብዙ ነጋዴም «ያው መክፈሌ አይቀርም» ብሎ ይስማማል። እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ኪራዩ በወር 30,000 ብር ነው እንበል። የስድስት ወሩ ቅድሚያ 180,000 ብር ይሆናል። በሕጉ መሠረት ቢሆን ኖሮ ዛሬ 60,000 ብር ተከፍሎ የቀረው በየወሩ ይከፈል ነበር። እንግዲህ ያለ ጊዜው የወጣው ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች 120,000 ብር፣ በሦስተኛው 90,000፣ በአራተኛው 60,000፣ በአምስተኛው 30,000 ብር ነው። ይህ ሰው ገንዘቡን በሱቁ ቢያዞረው በወር ከመቶ 3 የሚያተርፍ ከሆነ፣ ከእጁ የቀረበት ትርፍ ተደምሮ 12,600 ብር ይመጣል። በወር 2,100 ብር ነው። 30,000 ብር ተከራየሁ ያለው ሰው በእርግጥ የሚከፍለው 32,100 ብር ነው ማለት ነው። ለደላላ ላለመክፈል ሲል ከተማውን አዙሮ የጨረሰ ሰው ይህን ከመቶ 7 ጭማሪ ሳያየው ያልፋል። የደላላው ክፍያ እኮ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል።

ይህ ሁሉ አከራዩ እውነተኛ ሲሆን ነው። ሐሰተኛ ከሆነ የሚጠፋው 60,000 ሳይሆን 180,000 ብር ነው። ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ አከራይ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ አጭበርባሪ ግን ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆ አያውቅም።

አንዳንድ አከራዮች፣ በተለይ ባለቤቶቹ ውጭ አገር ያሉ፣ ኪራዩን በዶላር አስበው በዕለቱ ምንዛሪ እንዲከፈላቸው ይፈልጋሉ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ገቢዎ በብር ከሆነ ወጪዎን በዶላር አያስሩ።

ሁለት ዋጋ ያለው ውል

ከባለቤት ጋር በቀጥታ ሲዋዋሉ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ። አከራዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግብሩ ስለሚከብደን ውሉ ላይ ግማሹን እንጻፍ፤ የቀረውን በእጅ ትሰጠኛለህ» ይላል። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ግብር እንደሚከፈልበት የታወቀ ነው፤ ግብሩም የአከራዩ ነው። ተከራዩ ግን ዋጋው ትንሽ ይቀንስልኛል ብሎ ወይም አከራዩን ላለማስቀየም ይስማማል።

ከሕግ መጣሱ ሌላ ለተከራዩ ምን ያመጣል? 30,000 ብር እየከፈሉ ውሉ 15,000 ይላል እንበል። በባንክ የሚታየው 15,000 ብር ነው። የቀረው በእጅ የተሰጠ ስለሆነ ማስረጃ የለውም። ቅድሚያውን ሲከፍሉም እንዲሁ። ጠብ በተነሣ ቀን አከራዩ «አልተቀበልኩም» ለማለት ምንም አያግደውም። በዚያ ላይ በዓመቱ የሚፈቀደው ጭማሪ የሚሰላው በተመዘገበው 15,000 ላይ ነው። አከራዩ በወረቀቱ መሠረት የሚያገኘው ጭማሪ ስለማያረካው ከወረቀቱ ውጪ መጠየቅ ይጀምራል፤ ተከራዩ እምቢ ሲል ደግሞ ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን ላድስ ነው የሚሉ ምክንያቶች ይመጣሉ። ውሸቱን አብሮ የጻፈ ተከራይ ደግሞ ወረዳ ሄዶ ለመክሰስ ፊት አይኖረውም።

ነጋዴ ከሆኑ ሌላም አለ። ድርጅትዎ የሚከፍለው ኪራይ ከሆነ ወጪው የሚያዘው በሰነድ ነው። በእጅ የተከፈለ ገንዘብ በሒሳብ መዝገብዎ የለም።

ቤቱን ማየት

ቤት በእሑድ ከሰዓት አይታይም። በእሑድ መንገዱ ክፍት ነው፣ ጎረቤት በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር ነው፣ ሁሉም ጸጥ ያለ ይመስላል። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄደው ከበሩ እስከ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይጓዙ። ከዚያም በሌላ ቀን ማታ ተመልሰው የውኃውን ቧንቧ ይክፈቱ። በከተማችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በየሠፈሩም ቀኑ ይለያል። ከመሬት በታች ወይም ከጣሪያ ላይ ሮቶ አለ ቢባል እንኳ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋስ? አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ውኃ በጄሪካን ማውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የወጣው ነው። ይህንን ከባለቤቱ ይልቅ ጥበቃው፣ ከጥበቃው ይልቅ ደግሞ ሥር ያለው ባለሱቅ በእውነት ይነግርዎታል። አንድ ለስላሳ ገዝተው ይጠይቁት።

የምጣድን ነገር እመቤቶች ያውቁታል። መስመሩ ምጣድ የማይችል ከሆነ እንጀራ ከውጭ ይገዛል፤ ለአምስት ሰው የሚገዛ እንጀራ በወር ምን ያህል እንደሚሆን ራሳቸው ያስሉት። ቆጣሪው ባለ ካርድ ነው ወይስ በየወሩ የሚነበብ? የሚነበብ ከሆነ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት ወይ? ዕዳው የሰው፣ መቆረጡ ግን የቤቱ ነው።

ሩቅና ርካሽ ቤትን ከቅርብና ውድ ቤት ጋር ሲያወዳድሩ ኪራዩን ብቻ አይቁጠሩ። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ አካባቢ በ24,000፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት አጠገብ ደግሞ በ30,000 ብር ቤት አገኙ እንበል፤ ይህም ለምሳሌ ነው። ልዩነቱ 6,000 ብር ነው። ለሁለት ልጆች ሰርቪስ በነፍስ ወከፍ 2,500 ከሆነ 5,000 ብር ወጣ። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ለመጓጓዣ በቀን 60 ብር ቢጨምሩ በ26 የሥራ ቀን 3,120 ብር ነው። ድምሩ 8,120 ብር ይሆናል። ርካሹ ቤት በወር 2,120 ብር ተወደደ፤ ልጆቹ በመኪና ውስጥ የሚያንቀላፉበት ሰዓት ሳይቆጠር።

ስለ ቤተሰቡ ብዛት አይዋሹ። «ስንት ልጆች አሉህ?» ሲባል ሁለቱን የሚደብቅ አባት ብዙ ነው፤ አከራዮቹም ልጅ ግድግዳ ያበላሻል ብለው ስለሚፈሩ ጥያቄውን አጥብቀው ይጠይቃሉ። የተደበቀ ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን ደረጃ ላይ ሲሮጥ ይታያል፤ ግንኙነቱም ከዚያው ቀን ይበላሻል። ከባለቤቱ በቀጥታ የመከራየት ትልቁ ጥቅም ይህንን ፊት ለፊት መነጋገር መቻሉ ነው። «እማማ፣ ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ ከገጠር እናቴም ይመጣሉ። ስወጣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቼ አስረክባለሁ፤ ይኸው ይጻፍ» ያለ ሰውን ሊያከራዩት የሚፈልጉ አሉ። የማይፈልጉትም ከሆነ ዛሬ መታወቁ ይሻላል። በዓል ሲመጣ በግ የት ይታረዳል፣ ሠራተኛዋ የት ትተኛለች፣ ለቅሶ ቢመጣ እንግዳ የት ይቀመጣል የሚለውም በዚሁ ንግግር ይጠናቀቅ። በብዙ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለዕርድና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ በእርግጥ ለዚያ ሥራ እየዋለ መሆኑን ግን ገብቶ ማየት ነው። ወደ ሱቅነትና መጋዘንነት የተቀየረበት ግቢ አለ።

ርክክብ

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ባዶው ቤት ውስጥ አከራይና ተከራይ አብረው ይዙሩ። የተሰነጠቀ መስተዋት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የማይሠራ ሶኬት፣ የቁም ሳጥን ብዛት፣ የቁልፍ ብዛት፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙ። ዛሬ ስልክ ሁሉ ካሜራ ስላለው ፎቶግራፉን ማንሣት ከአንድ ስኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ለዋስትና የተያዘ ገንዘብ ካለ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በውሉ ላይ በቁጥር ይቀመጥ። «ቤቱ በሰላም ሲረከብ» የሚለው አነጋገር ለማንም አይጠቅምም። ሰላሙን የሚለካው ማን ነው? «ከርክክብ በኋላ በ10 ቀናት ውስጥ፣ የመብራትና የውኃ ዕዳ ተቀንሶ» የሚል ይሻላል። ማን ምን ያስጠግናል የሚለውም እንዲሁ። አምፖል ተከራዩ፣ የውኃ ፓምፕ አከራዩ ቢባል የሚጠላ የለም፤ ያልተጻፈ ከሆነ ግን ፓምፑ የተበላሸ ዕለት ሁለቱም ስልክ አያነሡም።

የመጀመሪያው ክፍያ በውሉ ላይ በተጻፈው ሰው የባንክ ሒሳብ ይግባ። «በወንድሜ ሒሳብ አስገባው» ከተባለ ያ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አይከፈል። ከዚያም 30ው ቀን ሳያልፍ ሁለቱም ወገኖች መታወቂያቸውንና የቤቱን ማስረጃ ይዘው ወደ ወረዳው ይሂዱ። አከራዩ «እኔ አስመዘግበዋለሁ፣ አንተ አትልፋ» ቢልም አብረው ይሂዱ፤ ማኅተም ያረፈበትን አንዱን ቅጂ በእጅዎ ይዘው ይመለሱ። የቤት ዕቃ ጫኙን ለዚያው ቀን ከሰዓት ይቅጠሩት።